ጎድ ኦፍ ዋር (2018)፦ ክራቶስ ከሰንሰለት ወደ ምሳር

«ጎድ ኦፍ ዋር» የአሜሪካው ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ የሠራውና ሶኒ ያሳተመው የውጊያና የጀብዱ ጌም ነው። ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣው ኤፕሪል 20 ቀን 2018 ነው። በእኛ ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከተከታታዩ ስምንተኛው ቢሆንም ስሙ ላይ ቁጥር የለም። የ2005ቱ የመጀመሪያው ጌምም ስሙ ይኸው ስለሆነ፣ ስለ «ጎድ ኦፍ ዋር» የሚያወራ ሰው «የቱን?» መባሉ አይቀርም። እዚህ የምናየው የ2018ቱን ነው።

በአማርኛ አንድ ላይ ተደራጅቶ የተጻፈ ስላላገኘሁ፣ ከራሴ ጨዋታና ሠሪዎቹ በየጊዜው ከተናገሩት ያሰባሰብኩት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የታሪኩንም ምስጢር ያወጣል። ገና ሊጫወት ያሰበ ሰው ጨርሶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ከ2018 በፊት

የመጀመሪያው ጌም በማርች 2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ጃፊ ነበር። ባለታሪኩ ክራቶስ የስፓርታ የጦር መሪ ነው። የጦር አምላኩ ኤሪስ አታሎት ሚስቱንና ሴት ልጁን በገዛ እጁ ገደለ። አመዳቸው ቆዳው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ያ ነጭ መልኩ የመጣው ከዚያ ነው። ቀሪው ታሪክ በአጭሩ በቀል ነው። ሁለተኛውን በ2007 ኮሪ ባርሎግ፣ ሦስተኛውን በ2010 ስቲግ አስሙሰን መሩት። ሦስተኛው ሲያልቅ የግሪክ አማልክት በሚኖሩበት በኦሊምፐስ ተራራ ላይ የሚገደል አምላክ አልቀረም ማለት ይቻላል። በመሃል ፒኤስፒ ለሚባለው በእጅ ለሚያዝ መጫወቻ ሁለት፣ ለሞባይል አንድ ወጥተዋል። የ2013ቱ «አሴንሽን» የክራቶስን የቀድሞ ታሪክ ይተርካል። መጥፎ ጌም አልነበረም። ሰው ግን ጠግቦ ነበር።

እኔ ክራቶስን ያወቅኩት ሰፈር ውስጥ በነበረ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁሉም ኳስ ይጫወታል። እኛ ሦስት ልጆች ጥግ ላይ ያለችውን ቲቪ ይዘን በየተራ እንገድላለን። በዚያ ዘመን ሴቭ የሚደረገው የብርሃን ዓምድ ያለበት ቦታ ሲደረስ ብቻ ነበር። እዚያ ሳንደርስ መብራት ከሄደ ገንዘባችንም ልፋታችንም አብሮ ሄደ። የ2018ቱ ጌም ራሱ በየደረጃው ሴቭ ያደርጋል። ጥንካሬው ተብሎ ሲጻፍ አላየሁም። ለእኔ ግን አንዱ ነው።

እንዴት ተሠራ

ስለ አሠራሩ ብዙ ማወቅ የተቻለው ሶኒ በ2019 በዩትዩብ በነፃ በለቀቀው ዘጋቢ ፊልም ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ጌም የመራው ባርሎግ ከስቱዲዮው ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ2013 ተመለሰ። ጊዜው ለስቱዲዮው ክፉ ነበር። በ2014 ለዓመታት የተለፋበት ሌላ ጌም ተሰረዘ፤ ሠራተኞችም ተቀነሱ። አዲሱ «ጎድ ኦፍ ዋር» የቤቱ ተስፋ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ክራቶስ ወዴት ይሂድ የሚል ነው። ግሪክ አልቆለታል። ሁለት ሐሳብ ቀረበ፦ የግብፅ አማልክትና የሰሜን አውሮፓ አማልክት። ባርሎግ እንዳለው የግብፁ ታሪክ ፈርዖኖችና ሥልጣኔ የበዛበት፣ ሰው የሚርመሰመስበት ስለሆነ ተተወ። የፈለጉት ክራቶስን ባይተዋር ማድረግ ነበር። (ግብፅ ብትመረጥ ኖሮ አባይን በጌም እናየው ነበር። ሆኖም ምርጫው ትክክል ነው።) ስለዚህ በረዶ፣ ጥድና ዝምታ ያለበት የኖርስ ምድር ተመረጠ።

ሁለተኛው ጥያቄ በአዲሱ ጌም የሚመጣው የክራቶስ ወንድ ልጅ ነው። ክራቶስን የሚከተል፣ የሚናገር፣ የሚዋጋ ልጅ መሥራት ውድ ነው። አትሬየስ የሚባለው ይህ ልጅ ከነጭራሹ እንዲወጣ የታሰበበት ጊዜ እንደነበር ባርሎግ ራሱ ተናግሯል። ራሱም አባት መሆኑ በታሪኩ ላይ እጁን አሳርፏል። ልጁ ባይኖር ኖሮ የሚቀረው የተለመደው ቁጡ ክራቶስ ነበር፤ ቦታው ብቻ ይቀየር ነበር።

የድምፅ ለውጡ ግን አከራካሪ ነው። ክራቶስን እስከ 2013 ድረስ የተጫወተው ቴረንስ ካርሰን ነበር። በ2018 ክሪስቶፈር ጃጅ ተተካ። ሠሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ተዋናዩ በአካልም ከሕፃን ጋር ስለሚሠራ ቁመቱ ከልጁ ጋር መመጣጠን አለበት የሚል ነው። የካርሰን አድናቂዎች ይህ ምክንያት እስከ ዛሬ አልዋጥ ያላቸው አሉ። አይፈረድባቸውም፤ የድሮው ጩኸት የእሱ ነበር። የጃጅ ክራቶስ ግን አይጮህም፤ ያጉረመርማል።

ካሜራውና ምሳሩ

አንድ ተከታታይ ጌም ሲያረጅ የተለመደው መድኃኒት መጨመር ነው፦ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ተጨማሪ ካርታ፣ ተጨማሪ ደም። ይህ ጌም ጥሩ የሆነው ሲቀንስ ነው።

ድሮ ካሜራው ከሩቅና ከላይ ሆኖ ያሳይ ነበር። ተጫዋቹ አይነካውም። ክራቶስ ትንሽ፣ ጭራቁ ተራራ ሆኖ ይታያል። በ2018 ካሜራው ከክራቶስ ትከሻ ኋላ ተለጠፈ። ከኋላህ የሚመጣውን ጠላት አታየውም። ልጁ «ከኋላህ!» ብሎ ይጮሃል፤ በክራቶስ ዙሪያም አደጋው ከየት እንደሚመጣ የሚጠቁም ትንሽ ቀስት ይወጣል። ርቀቱ ሲወሰድ ልጁ ጠቃሚ ሆነ።

ከዚህም አልፎ ጌሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሜራው ሳይቆረጥ የሚሄድ ነው። ካልሞትክ ወይም ሜኑ ካልከፈትክ በቀር ምስሉ አይቋረጥም። ከውጊያ ወደ ወሬ፣ ከወሬ ወደ ጀልባ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ባርሎግ ይህን ሐሳብ ቀደም ብሎ «ቱምብ ሬይደር»ን በሚሠራው ስቱዲዮ ሳለ አቅርቦ ተቀባይነት እንዳላገኘ ተናግሯል። ወገኛ ነገር ነው የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። በጠባብ ስንጥቅ መሹለኩና የከበደ በር ቀስ ብሎ ማንሳቱ ጌሙ ቀጣዩን ቦታ እስኪጭን ጊዜ መግዣ እንደሆነ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነቃበታል። ግን እንግዳው ሰው በሩን አንኳኩቶ ከክራቶስ ጋር ጣሪያ እስኪፈርስ ሲደባደብ ምስሉ አንዴም አለመቆረጡ፣ ቡጢው አንተ ላይ ያረፈ ያህል ያደርገዋል። ያ ሰው ባልደር ነው፤ የኖርስ አማልክት አለቃ የኦዲን ልጅ። ሕመም አይሰማውም።

ሁለተኛው የተወሰደው ነገር መሣሪያው ነው። ክራቶስ የሚታወቀው በሰንሰለት በታሰሩ ሁለት የእሳት ጎራዴዎች ነበር። በዙሪያህ ያለውን ሁሉ ታጭዳለህ፤ ማነጣጠር እንኳ አያስፈልግም። አሁን በእጁ አንድ ምሳር ብቻ አለ። ሌቫያታን ይባላል፤ የበረዶ ኃይል አለው። ብሮክና ሲንድሪ የሚባሉ ድንክ ወንድማማቾች የሠሩት፣ የሟች ሁለተኛ ሚስቱ፣ የአትሬየስ እናት የፌይ ንብረት ነው። በጌሙ የመጀመሪያ ደቂቃ ክራቶስ የሚቆርጥበት ዛፍ ለእሷ አስከሬን ማቃጠያ ነው። ምሳሩን ከማንም ጋር ሳትዋጋበት በፊት ለሐዘን ሠራህበት ማለት ነው።

አወራወሩን ካልነገርኩ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። የጆይስቲኩን ኤል 2 ቁልፍ ይዘህ ታነጣጥራለህ፤ በአር 1 ወይም በአር 2 ትወረውራለህ። ምሳሩ ጠላቱ ላይ ወይም ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። እንዲመለስ ትሪያንግል ትጫናለህ። ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ እየቀረበ የሚመጣ ፉጨት ትሰማለህ፤ ከዚያ «ጧ!» ብሎ መዳፉ ውስጥ ይገባል፤ ጆይስቲኩ በእጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ክራቶስም ክብደቱን ተቀብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ሲመለስ መንገዱ ላይ የቆመ ጠላት ካለ ይመታዋል። ጠላት በሌለበት ቦታ ቆሜ ዝም ብዬ ስወረውርና ስጠራ የዋልኩበት ቀን አለ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ እገምታለሁ።

ምሳሩ በተወረወረበት ጊዜ ክራቶስ ባዶ እጁን አይደለም። ቡጢና በግራ ክንዱ የሚተጣጠፍ ጋሻ አለው። ቡጢ ብዙ አያቆስልም፤ ግን ጠላትን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘውን በአር 3 ትጨርሰዋለህ። ስለዚህ አንዱን በበረዶ አድርቀህ፣ ሌላውን በቡጢ ይዘህ፣ ሦስተኛውን በልጁ ቀስት ማስጠበቅ ይቻላል። በቁጥር ትንሽ የሆኑ ነገሮች ናቸው። እርስ በርስ ሲገጣጠሙ ግን አያልቁም። የቀስቱ ቁልፍ ስኩዌር ነው።

ከዚያ አትሬየስ ይታመማል። መድኃኒቱ ያለው በሙታን ምድር በሄልሄይም ነው፤ የበረዶ ምሳር ደግሞ በበረዶ ምድር ከንቱ ነው። ክራቶስ በማዕበል ጀልባ እየቀዘፈ ወደ ቤቱ ይመለስና ከወለሉ ሥር ደብቆ ያኖራቸውን ጎራዴዎች ያወጣል። የግሪኳ አምላክ የአቴና ጥላ ከፊቱ ቆማ ያለፈ ኃጢአቱን ትቆጥርበታለች። ሌላ ጌም ቢሆን የድሮ መሣሪያ መመለስ እልል የሚያሰኝ ነበር። እዚህ ክራቶስ ሲያነሳቸው ያፍራል። የድሮ ተጫዋች ግን እልል ማለቱ አልቀረም። እኔም ብያለሁ።

አባትና ልጅ

ክራቶስ ልጁን በስሙ አይጠራውም ማለት ይቻላል። «ልጅ!» ይለዋል። ፈረንጆቹ ቀልድ አደረጉት። እኛ ቤት «አንተ ልጅ!» ሲባል ላደገ ሰው ግን ትርጉሙ በድምፁ እንደሚለያይ ግልጽ ነው፦ ተግሣጽ ነው፣ ፍርሃት ነው፣ አንዳንዴም ፍቅር ነው። ጃጅ ይህችን አንድ ቃል በየቦታው በሌላ ቃና ነው የሚላት።

ጉዟቸው የፌይን አመድ ከዓለማቱ ሁሉ ከፍ ካለው ተራራ ላይ ለመበተን ነው። ክራቶስ ያገሩን ፊደል አያነብም፤ ልጁ ከእናቱ ተምሯል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሲገኝ አባት ይቆማል፣ ልጅ ያነባል። ደብዳቤውን በልጁ የሚያስነብብ አባት ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። አትሬየስን የተጫወተው ሱኒ ሱልጂክ ነው።

የዘጠኙ ሐይቅ የሚባለው ሰፊ ውሃ የጌሙ እምብርት ነው። በመሃሉ ዓለምን የከበበው እባብ ዮርሙንጋንደር ተኝቷል። እሱ ሲንቀሳቀስ ውሃው ይወርዳል፤ ተሸፍኖ የነበረ ምድርም ይገለጣል። በጀልባ ስትሄድ ሚሚር የአማልክቱን ገመና ይተርካል። ሚሚር አካል የለውም፤ ክራቶስ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የተቆረጠ ራስ ነው። ጀልባው ዳር ሲደርስ ተረቱ ይቋረጣል። ተመልሰህ ስትሳፈር «የት ላይ ነበርኩ?» በሚል ዓይነት ካቆመበት ይቀጥላል። ተረቱን ለመጨረስ ስል ብቻ ሐይቁን የዞርኩበት ጊዜ አለ።

የሚነሱ ቅሬታዎች

ትልልቅ ጭራቆች አነሱ ይባላል፤ እውነት ነው። ትሮል የሚባሉት ግዙፍ ጭራቆች በየቦታው ስማቸውና ቀለማቸው ተቀይሮ ይመጣሉ፤ አገዳደላቸው ግን ያው ነው። የጥሩርና የማሻሻያ ሜኑው ዝርዝሩ በዝቷል። የመዝለያ ቁልፍ የለም። መምቻው ከስኩዌርና ከትሪያንግል ወደ አር 1 እና አር 2 መዛወሩም የለመደ እጅን አስቸግሯል፤ ይለመዳል።

ለጭራቁ ማነስ ካሳ የሚሆኑት ቫልኪሪ የሚባሉት ክንፍ ያላቸው ሴት ተዋጊዎች ናቸው። ዘጠኝ ናቸው፤ ታሪኩን ለመጨረስ ግን እነሱን ማሸነፍ ግዴታ አይደለም። ንግሥታቸው ሲግሩን የስምንቱን ስልት ሁሉ አንድ ላይ ይዛ ትመጣለች። ለእሷ ስንት ምሽት እንደሄደ አልናገርም።

ከወጣ በኋላ

በሦስት ቀን 3.1 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ሶኒ በኖቬምበር 2022 የሰጠው ቁጥር 23 ሚሊዮን ነው። የሐያስያንን ነጥብ የሚያሰላው ሜታክሪቲክ 94 ሰጠው፤ ባርሎግ ውጤቱን ሲያይ ሲያለቅስ ራሱን ቀርጾ ለቋል። በዲሴምበር 2018 በጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። «ሬድ ዴድ ሪደምሽን 2» ይገባው ነበር የሚሉ አሉ። ይበሉ። በ2019 የብሪታንያው ባፍታም ምርጥ ጌም ብሎ ሸልሞታል፤ ባልደርን የተጫወተው ጄረሚ ዴቪስም በትወና አሸንፏል። ሙዚቃው የቤር ማክሪሪ ነው። በ2016 ጌሙ መጀመሪያ ሲታይ መድረክ ላይ ኦርኬስትራ አቁሞ አስጀምሮታል።

ቀጣዩ «ራግናሮክ» በኖቬምበር 9 ቀን 2022 በኤሪክ ዊሊያምስ መሪነት ወጣ። የ2018ቱ ደግሞ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 14 ለኮምፒውተር ደርሷል። በኪቦርድ መጫወት ይቻላል። ኪቦርድ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ምሳሩ ሲመለስ ድምፁን ብቻ ነው የምትሰማው።