እንስሳትን በእርሳስ ፈጥኖ መንደፍ

እንስሳትን በእርሳስ ፈጥኖ መንደፍ፣ ሠዓሊው ሕይወት ያለውን እንስሳ እየተመለከተ በጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ውስጥ አቋሙንና እንቅስቃሴውን ወረቀት ላይ የሚያሰፍርበት የሥዕል ልምምድ ነው። ፎቶግራፍ አስቀምጦ ከመሳል የሚለየው፣ እንስሳው ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደጣለና ቀጥሎ ወዴት ሊዞር እንደሆነ ዓይን ፈጥኖ እንዲለይ ስለሚያስገድድ ነው።

ሥራው ከፀጉር ወይም ከዓይን አይጀመርም። በቅድሚያ ከማጅራት ተነሥቶ በጀርባ በኩል እስከ ጭራ የሚወርደው መስመር በስሱ ይሰመራል፤ ደረትና ዳሌ በሁለት ሞላላ ቅርጾች ይያዛሉ፤ እግሮች ከዚያ ይከተላሉ። እንስሳው ከተንቀሳቀሰ ሠዓሊው የጀመረውን በላጲስ ሳያጠፋ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ይጀምራል። የምታመሰኳ ላም ወይም ገላዋን የምትልስ ድመት ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ አቋሟ ስለምትመለስ፣ በአንድ ገጽ ላይ ያሉ አምስት ስድስት ንድፎች እየተፈራረቁ ይሞላሉ።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው የኋላ እግር ነው። በፈረስ፣ በላም ወይም በውሻ የኋላ እግር መካከል ወደ ኋላ ሾጠጥ ብሎ የሚታየው መታጠፊያ ጉልበት ይመስላል፤ በአጽሙ አቀማመጥ ግን ከሰው ተረከዝ ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ከሆድ አጠገብ ይገኛል። ይህን የማያውቅ እጅ የቱንም ያህል ቢፈጥን እንስሳውን ሊያቆመው አይችልም። ሠዓሊው ዩጂን ደላክሯና ቀራፂው አንቷን ልዊ ባሪ በ1820ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በፓሪስ በሚገኘው ዣርዳን ዴ ፕላንት በተባለው የዕፅዋትና የአራዊት ማቆያ ሥፍራ ሕያዋን አራዊትን ከመንደፍ ባሻገር የሞተ አንበሳ አካል ያጠኑትም ለዚህ ነበር።

የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1637 እ.ኤ.አ. ገደማ ከሲሎን (ከዛሬዋ ስሪላንካ) የመጣችውን ዝሆን የነደፈው በጥቁር ጠመኔ ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን እርሳስ መንገድ ያስያዘው ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ ሲሆን፣ በ1795 እ.ኤ.አ. የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በመተኮስ፣ በሸክላው መጠን ጥንካሬውን መወሰን ቻለ። ለፈጣን ንድፍ ከ2ቢ እስከ 4ቢ (2B–4B) የሚል ምልክት ያለባቸው ለስላሳ እርሳሶች ይመረጣሉ፤ አንዱ ጫፍ ቀጥ ሲል ቀጭን መስመር፣ ጋደል ሲል ሰፊ ጥላ ይሰጣልና።

በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ጭላዳ ለዚህ ልምምድ እጅግ ምቹ ነው። ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ስለሚበላ አቋሙ ቶሎ አይለወጥም። የወንዱ ጎፈር ግን ትከሻውን ስለሚሸፍን፣ አስቀድሞ የትከሻውን ቦታ በስሱ ማመልከት፣ ጎፈሩንም ፀጉሩ በሚወርድበት አቅጣጫ በጥቂት ረጃጅም ጭረቶች ብቻ ማሳየት ያስፈልጋል።