«መንፈስ ካለበት ተረት ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ቨርጂኒያ ውስጥ የመጽሐፍ ክበብ አለን፤ አብዛኞቻችን አበሾች ነን። ጨለም ያለ፣ መንፈስና ደም ያለበት ልቦለድ በመጣ ቁጥር ክበቡ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ እንቅልፍ አጥቶ ይጨርሰዋል። ግማሹ ገና ሳይጋመስ ይመልሰዋል። እሱስ ደግ፣ የምርጫ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያናድደኝ አብሮ የሚመጣው አባባል ነው። መጽሐፍ መራጯ እኔ ስለሆንኩ ወቀሳውን የምቀበለውም እኔ ነኝ። እንግዲህ መልሱንም ከእኔው ስሙ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«እንዲህ የሚጽፍ ሰው ጤነኛ አይደለም።» የአስፈሪ ልቦለዶች ጸሐፊው ስቲቨን ኪንግ መጀመሪያ የታተመለትን ልቦለድ ሲጽፍ ልጆች የሚያሳድግ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር።

«የወንድ ንባብ ነው።» ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» የተባለውን አስፈሪ ልቦለድ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር። በ1818 ስሟ ሳይጻፍበት ሲወጣ ባሏ የጻፈው የመሰላቸው ነበሩ። ያኔም ይሄው ነበር ማለት ነው።

«ያልወደደው ስላልገባው ነው።» ይቺ ደግሞ የእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ወዳጆች ትዕቢት ናት። የጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን ልቦለድ «ቢላቭድ» በ1987 ሲወጣ ሃያሲው ስታንሊ ክራውች አብጠለጠለው። በጥር 1988 ደግሞ 48 ጥቁር ጸሐፍት ሞሪሰን የሚገባትን ሽልማት አላገኘችም ብለው ፈርመው ጋዜጣ ላይ አወጡ። መጽሐፉ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማትን ወሰደ። ክራውች ሳይገባው ነው የምትሉ ካላችሁ ድፍረታችሁን አደንቃለሁ።

አሁን ወደማልችላት ልምጣ። «መንፈስ ካለበት ተረት ነው፤ ከእውነት መሸሻ ነው።»

እዚያው «ቢላቭድ» ላይ እንቆይ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1873 ሲንሲናቲ ውስጥ፣ የሞተች ሕፃን መንፈስ በሰፈረበት ቤት ነው። መስታወት ገና ሲያዩት ይሰባበራል። ኬክ ላይ የሁለት ትንንሽ እጆች አሻራ ይገኛል። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ይህን አይተው ቤቱን ጥለው ይጠፋሉ።

እዚህ ጋ ሲደርሱ አንዲት የክበባችን እናት ዘግተው መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ ጋኔን ቤቴ አላስገባም» አሉ። አንዱ ኢንጂነር ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ አቆመ። «ተረት ለማንበብ ጊዜ የለኝም» አለ። እሳቸው መንፈሱን ከልብ አምነውት፣ እሱ ከናካቴው ንቆት። በዛርና በቡዳ ወሬ ያደግን ሰዎች እነዚህን ሁለት ጠርዞች በደንብ እናውቃቸዋለን።

ሁለቱም ግን ያልደረሱበት ነገር አለ። በጥር 1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል በባርነት የተያዘች ሴት ከኬንታኪ ከቤተሰቧ ጋር አመለጠች። የኦሃዮን ወንዝ በረዶ ሠርቶ በእግሯ ተሻገረችና ሲንሲናቲ ገባች። አሳዳጆቹ ደርሰው ቤቱን ሲከቡት የሁለት ዓመት ሴት ልጇን በቢላ ገደለቻት። ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ። ከዚያ የተነሳው ክርክር ምን ነበር መሰላችሁ? በነፍስ ግድያ ትከሰስ ወይስ እንደ ንብረት ለባለቤቷ ትመለስ። ተመለሰች። ሞሪሰን ለልቦለዷ መነሻ የሆናትን ይህን ታሪክ ያገኘችው የመጽሐፍ አርታኢ ሳለች ከድሮ ጋዜጣ ላይ ነው።

ታዲያ የቱ ነው የሚያስፈራው? የኬኩ አሻራ ወይስ ክርክሩ?

እኔ እንዳየሁት አንባቢን የሚያሸሸው ብዙ ጊዜ መንፈሱ አይደለም፤ ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው ነው። እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ አንዲት እናት 12ኛ ክፍል ልጇ ይህን መጽሐፍ በመታዘዙ አቤት አለች። ጉዳዩ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ደርሶ በ2016 ረቂቅ ሕግ ሆነ፤ የያኔው አገረ ገዢ ቴሪ ማኮሊፍ ግን ሳይፈርሙበት ሻሩት። በ2021 የምርጫ ማስታወቂያ ሆኖ ተመልሶ መጣ። ጭቅጭቁ ሁሉ በግልጽ በተጻፈው ወሲብና ጭካኔ ነበር። እናትየዋ ልትከራከር መብቷ ነው። «ተረት ነው» ከሚለው ሰው ይልቅ እሷ መጽሐፉን ከቁም ነገር ቆጥራዋለች።

ለማንኛውም ልታነቡ ከሆነ ስሙኝ። ማታ አልጋ ላይ አትጀምሩት። የጀርባ ሽፋኑን አትመኑ፤ የጨረሰውን ሰው ጠይቁ። «ሕፃን ይሞታል? መደፈር አለበት?» በሉት። ይህን ማወቅ ታሪኩን አያበላሽም። ከባድ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝለሉ፣ ፈታኝ የለባችሁም። ክበብ ካላችሁ ደግሞ ሐዘን ላይ ያለ ሰው መኖሩን ሳታዩ አትምረጡ፤ ልጇን የቀበረች እናት ባለችበት ይሄን መጽሐፍ አላቀርብም። ከተዋችሁትም «አልወደድኩትም» ይበቃል፤ ጋኔን መጥራት አያስፈልግም።

ልጃችሁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ከታዘዘ ደግሞ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ሙሉውን። በቴሌግራም የተላከላችሁን አንድ ገጽ ፎቶ አይደለም የምላችሁ። ከዚያ በኋላ ብትከለክሉት አልከራከራችሁም።