ዲስሌክሲያ ምንድን ነው?

ልጁ የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርደዋል፤ አንዲት አያዛንፍም። መሃል ላይ ያለችውን «ጌ» በስንጥር ነክተው «ይቺ ማን ናት?» ሲሉት ግን ከ«ገ» ተነሥቶ፣ በጣቱ እየቆጠረ፣ «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ፣ ጌ» ብሎ ነው የሚደርስባት። ሦስተኛ ክፍል ገብቶም እንዲሁ ከሆነ፣ በቃል የነገሩትን ግን ሁሉ የሚይዝ ከሆነ፣ «ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ዲስሌክሲያን ማሰብ ይገባል።

ዲስሌክሲያ ድምፅንና ፊደልን የማገናኘት ችግር ነው። ቃሉን በድምፅ ከፋፍሎ መስማትና እያንዳንዱን ድምፅ ከምልክቱ ጋር ቶሎ ማጣመር ያዳግታል። የዓይን ሕመም ወይም የአእምሮ ድክመት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። ስያሜውን ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. አወጣው። በ1896 ደግሞ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ፐርሲ ይባላል፤ የገዛ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ፊደላቱን ያዛውራል፤ 785,852,017ን ግን ሳይደናቀፍ ያነባል። መምህሩ «ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ እሱ ነበር» የሚል ምስክርነት ሰጥቶለታል። ይህን ያነበበ ጎጃሜ የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን ማሰቡ አይቀርም፤ ቅኔ ቤት የሚመዘነው የጆሮና የአእምሮ ብርታት ነውና። ክፋቱ፣ ቅኔ ቤት ለመድረስ ንባብ ቤቱን ማለፍ ግድ ነው።

የኛ ፊደል ለእንዲህ ያለው ልጅ በአንድ በኩል ይቀላል፣ በሌላ በኩል ይከብዳል። የሚቀለው እንደተጻፈው ስለሚነበብ ነው። በዚህም የተነሣ በአማርኛ ዋናው ምልክት የስሕተት ብዛት ሳይሆን ዝግመት ነው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ «ተ…ማ…ሪ…ው» እያለ ፊደል በፊደል ሲያነብ ይታያል። የሚከብደው ደግሞ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 መሆናቸው፣ ልዩነታቸውም ጥቃቅን መሆኑ ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ጭረቷ እግሩ ወገብ ላይ ወይም ታች በመሆኗ ብቻ ነው። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ደ» እና «ጀ» እንዲሁ በትንሽ ምልክት ይለያያሉ። መጥበቅና መላላት ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «አሁን ገና»፣ የሚያውቀው ዐረፍተ ነገሩን የተረዳ ብቻ ነው። በፊደል ላይ የሚንገታገት ልጅ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ሲደርስ መነሻው ይጠፋዋል። በነገራችን ላይ «ሀ» እና «ሐ»ን፣ «ሰ» እና «ሠ»ን ማማታት የዲስሌክሲያ ምልክት አይደለም፤ እሱማ የሁላችንም ነው።

ስለ አንስታይን ሒሳብ መውደቅ የሚወራው ልጆችን ለማበረታታት ቢሆንም እውነት አይደለም። በ1895 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ፣ በ16 ዓመቱ፣ የመግቢያ ፈተና አላለፈም፤ ያልሆነለት ግን ፈረንሳይኛንና መሰል ትምህርቶችን የያዘው ክፍል ነው፤ በሒሳብና በፊዚክስ ግሩም ነበር። ዲስሌክሲያ እንደነበረበትም ማስረጃ የለም። የተሻለ ምሳሌ አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ካሮል ግሬደር ናት። ልጅ ሳለች የቃላት አጻጻፍ አቅቷት የድጋፍ ክፍል ገብታለች፤ ራሷን እንደ ደደብ ትቆጥር ነበር። ድምፁን ተከትሎ መጻፉ አልሆን ሲላት በቃሏ መያዝን ተካነችበት። በ2009 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ሆነች።

ድጋፍ ከመጀመሩ በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ። ዓይኑና ጆሮው ይታይ። በአጨዳና በከብት ጥበቃ ስንት ቀን እንደቀረ ይጠየቅ፤ ያልተማረውን ፊደል አለማወቁ ዲስሌክሲያ አያሰኝም። እንጅባራ ወይም ዳንግላ አካባቢ ሆኖ ቤቱ አውኛ የሚናገር ልጅ ደግሞ በአማርኛ ንባቡ ብቻ አይፈረድበትም።

ከዚያ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ። ካርቶን ቆርጦ አምስት ፊደል መጻፍ፤ አራቱ የሚያውቃቸው፣ አንዱ አዲስ። በውዞ ማቅረብ ነው እንጂ በተራ አይሆንም። የኔታዎች «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያሉ አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ነው፤ ዜማው ሲፈርስ ዓይን ሥራውን ይጀምራል። ገበታውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ማንበብ ይጠቅማል፦ «ቤ፣ ሌ፣ ኬ፣ ዴ» ተደርድረው ሲያያቸው ቀለበቷ «ኤ» እንደምትል ራሱ ይደርስበታል። ሳድስ መልኩ ስለሚለዋወጥ መጨረሻ ይቆይ። «ሰ» ሳይደላደል «ሸ» አይምጣ።

ሰፌድ ላይ አመድ ነስንሶ በጣት እያስጻፉ ድምፁን ጮክ አስብሎ ማስጠራት ጥሩ ነው። «መቶ ጊዜ ገልብጥ» የሚባለው ቅጣት ግን አያስተምርም፤ እጁ ሥዕል ይሥላል፣ ጆሮው አይሰማም።

ክፍል ውስጥ በድንገት አስነሥቶ ማስነበብ ይቅር፤ የሚነበበው አንቀጽ ዋዜማውን ይሰጠውና ቤቱ ይለማመድበት። የሒሳብ ፈተና ላይ መምህሩ ጥያቄውን ያንብብለት፤ የሚፈተነው ማካፈል ነው፣ ንባብ አይደለም።