የመከላከያ ሴሎች የካልሲየም በር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩ እናት ልጃቸውን ጉንፋን እየደጋገመ እንዳስቸገረው ገልጸው «ካልሲየም ስጡኝ፤ በሽታ የመከላከል አቅሙን ያነሳለታል» አሉ። ኪኒኑም ያለ አንዳች ጥያቄ ተሸጠላቸው። ካልሲየም ከመከላከያ ሴሎች ጋር ጥብቅ ግንኙነት ስላለው የእናትየዋ ሐሳብ ከባዶ የተነሳ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ግንኙነቱ እሳቸው ባሰቡት መንገድ አይሠራም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ካልሲየም የአጥንትና የጥርስ ጉዳይ ብቻ ነው።

ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ በአጥንትና በጥርስ ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። የቀረው ጥቂቱ ግን ጡንቻን ያኮማትራል፣ ደምን ያረጋል፣ በነጭ የደም ሴሎች ውስጥም መልእክት ያደርሳል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ብዙ ካልሲየም የወሰደ ሰው የመከላከል አቅሙ ይጠነክራል።

በመራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ግድቡ ሞልቶም ቢሆን የቦዩ መዝጊያ ካልተከፈተ ማሳው ይደርቃል። በሴልም እንዲሁ ነው። በዕረፍት ላይ ካለ ቲ-ሴል (ጀርምን ከሚለዩት ነጭ የደም ሴሎች አንዱ) ውጭ የሚገኘው የካልሲየም ክምችት በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጤነኛ ሰው ዘንድ የጎደለ ነገር የለም፣ የሚጠበቀው በሴሉ ሽፋን ላይ ያለው የካልሲየም መግቢያ በር መከፈት ነው። በደም ውስጥ ያለውን መጠን ደግሞ አንገት ላይ የሚገኙት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች በጠባብ ወሰን ይቆጣጠሩታል፤ በላዩ የተጨመረው ከመጠን ካለፈ ለኩላሊት ጠጠር ሊዳርግ ይችላል። የጤፍ እንጀራና ወተት የሚያገኝ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን የሚጨመርበት ምክንያት አይታየኝም። ሪኬትስ (የልጆችን አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ) ወይም የታወቀ እጥረት ያለበት ልጅ ግን መታከም አለበት፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ጀርሙ ራሱ በሩን ነክቶ ይከፍተዋል።

መንገዱ ከዚህ ይረዝማል፤ ይበልጥ የሚያስደንቀኝም ይህ ክፍል ነው። የቲ-ሴሉ ተቀባይ ሌላ ሴል ያቀረበለትን የጀርም ቁራጭ ሲለይ፣ በውስጥ በሚተላለፍ ምልክት አማካይነት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከሚባለው የሴሉ ጎተራ ካልሲየም ይለቀቃል። ይህ ጥቂት ስለሆነ ብዙ አያቆይም። ነገር ግን በጎተራው ግድግዳ ላይ ስቲም-1 የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ጎተራው መጉደሉን ሲያውቅ ከመሰሎቹ ጋር ተሰባስቦ ወደ ሴሉ ሽፋን ይጠጋና ኦራይ-1 የተባለውን በር ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ከውጭ ካልሲየም ይገባል። ተመራማሪዎች የስቲም-1ን ሚና የለዩት በ2005፣ የኦራይ-1ን ደግሞ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኦራይ የሚለው ስም በጥንት ግሪኮች ተረት የሰማይን በር ከሚጠብቁት የተወሰደ ሲሆን፣ ለሥራው የተስማማ ስም ይመስለኛል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በሩ ለአፍታ ከተከፈተ ይበቃል።

የገባው ካልሲየም ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ እሱም ኤንፋት ከተባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌትን ያነሳለትና ጂኖቹ ወደሚገኙበት የሴሉ እምብርት፣ ወደ ኒውክሊየስ፣ እንዲገባ ያስችለዋል። እዚያም ሴሉ እንዲባዛ የሚያደርገውን ኢንተርሉኪን-2 የሚያሠራው ጂን ይነቃል። ካልሲየሙ ቢቋረጥ ግን ኤንፋት ብዙም ሳይቆይ ከኒውክሊየስ ይወጣል፤ ስለዚህ በሩ ለሰዓታት መሥራት አለበት። ኩላሊት የተተከለላቸው ሕመምተኞች የሚወስዷቸው ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ የሚያግዱት ይህንኑ ካልሲኒዩሪንን ነው፤ በዚህም ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃው ይከላከላሉ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የካልሲየም በር የሚዘጋ የደም ግፊት መድኃኒት የበሽታ መከላከያንም ይዘጋል።

ቡሬ የምትኖረው እናቴ አምሎዲፒን ታዘዘላት። አንድ ቀን ኪኒኑን ከመሀረቧ ፈትታ እያሳየችኝ «ልጄ፣ ይኸ የካልሲየም በር ይዘጋል አሉኝ፤ እንግዲህ በሽታ ሲመጣ በምን ልቋቋመው ነው?» አለችኝ። ለሁለት ሳምንት ትታው እንደነበርም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አምሎዲፒን የሚዘጋው በደም ሥር ጡንቻዎች ላይ ያለውን፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ለውጥ የሚከፈተውን በር ነው። ኦራይ-1 ግን በአሠራሩም በአከፋፈቱም የተለየ ነው፤ የሚከፈተው ጎተራው ሲጎድል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን በዚህ ፍርሃት ማቋረጥ ያለ ምክንያት ለስትሮክ መጋለጥ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የሴሎቹ ቁጥር ትክክል ከሆነ መከላከያው ይሠራል።

የኦራይ-1 ጂን ጉድለት ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ይህንን አስተምረውናል። ቲ-ሴሎቻቸው ሲቆጠሩ ያልጎደሉ ሆነው ሳለ፣ ከተወለዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን ያጠቃቸው ነበር፤ ጡንቻቸው ይዝላል፣ የጥርሳቸው ሽፋንም በአግባቡ አይሠራም። በአንድ ቤተሰብ ልጆች ላይ የተገኘው ጉድለት በፕሮቲኑ 91ኛ ቦታ ላይ የአንድ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቁርጥራጮች የአንዱ) መለወጥ ብቻ ነበር፤ ያ አንድ ለውጥ በሩን ዘጋው። በቤተ ሙከራ ጤነኛው ጂን በሴሎቻቸው ውስጥ ሲገባ ካልሲየም እንደገና መግባት ጀመረ። እንዲህ ላሉ ሕፃናት የመከላከያ ሴሎቻቸውን የሚተካላቸው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው፤ የካልሲየም ኪኒን ግን ከተዘጋው በር ውጭ ይቀራል።