በጋዝ የሚሠራ የወይን ጠርሙስ መክፈቻ በባሕር ዳር ቤቶች

በጋዝ የሚሠራ የወይን መክፈቻ ቡሹን ከላይ አይስበውም፤ ከሥር ይገፋዋል። ረጅምና ቀጭን መርፌው ቡሹን በስቶ በቡሹና በወይኑ መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ይዘልቃል። አናቱ ሲጫን ከትንሽ ጣሳ የሚለቀቀው ጋዝ በመርፌው ቀዳዳ አልፎ እዚያ ይጠራቀምና ቡሹን እየገፋ ያወጣዋል። ጉልበት ስለማይጠይቅ ለአረጋውያንና የእጅ አንጓ ሕመም ላለባቸው ከጠምዛዛው መክፈቻ በብዙ ይቀላል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ አሠራሩ ነው። ጠምዛዛው መክፈቻ የሚታገለው ከቡሹና ከጠርሙሱ አፍ ጋር ብቻ ሲሆን፣ ጋዙ ግን ጠርሙሱን በሙሉ ከውስጥ ይገፋል። ስለዚህ መርፌው ከመግባቱ በፊት መታወቅ ያለበት ዋናው ነገር ጠርሙሱ ምን ዓይነት እንደሆነና ምን እንዳሳለፈ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በከተማዋም ሆነ በጣና ዳር ባሉ መንደሮች ባዶ የወይን ጠርሙስ አይጣልም፤ ታጥቦ ጠጅ፣ አረቄ ወይም ዘይት ይሞላበታል፣ ተመልሶም በቡሽ ይደፈናል። ለበዓል ወይም ለሰርግ ከተደረደሩት ጠርሙሶች መካከል የትኛው ከፋብሪካ እንደታሸገ፣ የትኛው ቤት ውስጥ እንደተሞላ በዓይን ብቻ ላይለይ ይችላል።

አካላቱና ጋዙ

መሣሪያው አራት ዋና አካላት አሉት፦ ጋዝ የያዘው ጣሳ፣ ጣሳው የሚገባበት እጀታ፣ ከጎኑ ወይም ከጫፉ አጠገብ ቀዳዳ ያለው መርፌ፣ እንዲሁም የጠርሙሱን አፍ የሚያቅፍ ቀለበት። በአብዛኞቹ ላይ ቀለበቱ የወጣውን ቡሽ ከመርፌው ገፍቶ ለማውለቅም ያገለግላል።

በዝቅተኛ ግፊት የሚሠሩት መክፈቻዎች ጋዙን በፈሳሽ መልክ ይይዛሉ። ለብዙ ጊዜ ያገለገለው አር 134ኤ የሚባለው የመኪና ማቀዝቀዣ ጋዝ ነው፤ አይቃጠልም፣ ነገር ግን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠሩም አሉ። የእነዚህ ካርትሪጅ፣ ማለትም ጋዙ የታመቀበት ትንሽ ጣሳ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጡ 57 ባር ያህል ግፊት (1 ባር በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል) ስላለው፣ ግፊቱን የሚቀንስ ቫልቭ የሌለው መሣሪያ ጨርሶ መገዛት የለበትም። በአርጎን የሚሠራውና ኮራቪን በሚል ስም የታወቀው መሣሪያ ሥራው ሌላ ነው፤ ቡሹን ሳያወጣ ወይኑን በመርፌው በኩል ይቀዳል። ጠርሙስ የመፈንዳት ሥጋት እሱንም አልማረውም። በ2014 እ.ኤ.አ. ጥቂት ጠርሙሶች በመሰበራቸው አምራቹ ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ ለጠርሙስ የሚለበስ መከላከያ ከረጢት አድሏል።

የግፊቱን መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የጠርሙስ አንገት ውስጣዊ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እያንዳንዱ 1 ባር ቡሹን በ2.7 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። አር 134ኤ በ20 ዲግሪ የራሱ ግፊት 5.7 ባር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የውጩ አየር 0.8 ባር ስለሚመልስበት ቡሹ ላይ የሚያርፈው ቢበዛ 13 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያው ግፊት ግን በወይኑ ተላልፎ የጠርሙሱን ግድግዳና መቀመጫ ሁሉ ይጫናል። 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መቀመጫ ላይ ብቻ ከ180 ኪሎ በላይ ነው። ጤናማ ክብ ጠርሙስ ይህን ይችላል፤ የተጫረ ጠርሙስ ግን ላይችል ይችላል። መስታወት የሚሰነጠቀው ጭረት ካለበት ቦታ ጀምሮ ነውና።

በጋዝ የማይከፈቱ ጠርሙሶች

የመጀመሪያው ጠጅ ነው። ቤት የተጠመቀ ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላም መፍላቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በሚፈላበት ጊዜም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ቡሹ ከደፈነው ውስጡ ምን ያህል ግፊት እንዳለ ከውጭ አይታወቅም። በዚያ ላይ የጣሳውን ጋዝ መጨመር ጠርሙሱን ሊያፈነዳው፣ ቡሹንም እንደ ጥይት ሊያስወነጭፈው ይችላል። ጠጅ በፎጣ ተሸፍኖ በእጅ ቀስ እየተባለ ይከፈታል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ሻምፓኝና ማንኛውም አረፋ ያለው ወይንም እንዲሁ ነው፤ የሻምፓኝ ጠርሙስ ሳይነካ ውስጡ 5 ወይም 6 ባር ግፊት አለው።

ሁለተኛው ደጋግሞ ያገለገለ ጠርሙስ ነው። በአሸዋና በጠጠር የታጠበ፣ በሳጥን ውስጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ የኖረ ጠርሙስ ትከሻውና ታችኛው ዙሪያው ላይ ነጭ የተፋቀ ቀለበት ይታይበታል። ይህ ምልክት ካለ መርፌው ይቅር። አፉ የተፈለጠ፣ አራት ማዕዘን ወይም ጠፍጣፋ ጎን ያለው ጠርሙስም አይሆንም፦ ክቡ ቅርጽ ግፊቱን እኩል ሲያከፋፍለው፣ ጠፍጣፋው ጎን ግን ወደ ውጭ ሊለጠጥ ይሞክርና ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ከ750 ሚሊ ሊትር የሚበልጠው ባለ 1.5 ሊትር ጠርሙስ ወገቡ ሰፊ በመሆኑ ግድግዳው በተመሳሳይ ግፊት ይበልጥ ይወጠራል፤ እሱንም መተው ይሻላል።

የሚቀረው ከፋብሪካ እንደታሸገ የመጣ፣ ክብ፣ ባለ 750 ሚሊ ሊትር፣ አረፋ የሌለው ወይን ነው። የዝዋዮቹ ሪፍት ቫሊና አካሽያ፣ ከውጭ የሚገቡትም ተራ ወይኖች በቡሽ የታሸጉ እስከሆኑ ድረስ ለዚህ ይስማማሉ።

አከፋፈቱ

ጠርሙሱ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጉልበት ላይ ወይም ጣና ላይ በሚወዛወዝ ጀልባ ውስጥ አይከፈትም። የአንገቱ ሽፋን ከከንፈሩ በታች በቢላ ተቆርጦ ይነሣል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ወፍራም ፎጣ ከትከሻው እስከ መቀመጫው ይጠቀለልበታል። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እጅንና ዓይንን ከስባሪ የሚያድነው ግን እሱ ነው። ፊት ከጠርሙሱ አፍ ይርቃል፤ ልጆችም ከጠረጴዛው ይነሣሉ።

መርፌው በቡሹ መሐል፣ ሳይዘም ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ቡሽ ከ38 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ መርፌው ዘልቆ ሲያልፍ ተቃውሞው በድንገት ሲላላ በእጅ ይታወቃል። ከዚያ አናቱ ለአንድ ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይለቀቃል። ቡሹ መንቀሳቀስ እንደጀመረ መጫን አያስፈልግም፤ የገባው ጋዝ ራሱ ያወጣዋል። ካልተነቃነቀ ጥቂት ሰከንድ ተቆይቶ አንድ ጊዜ፣ ግፋ ቢል ሁለት ጊዜ ይደገማል። በሦስተኛው ካልወጣ ይበቃል። ተጭኖ መቆየት ጠርሙስ የሚሰብር ስሕተት ነው። በጣም የጠበቀ ቡሽ ከ13 ኪሎ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል እምቢ ማለቱ ብርቅ አይደለም። ያኔ ፎጣው እንዳለ፣ በአንድ እጅ ቡሹ እየተያዘ መርፌው በዝግታ ይነቀልና ግፊቱ እስኪወጣ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ በጠምዛዛው መክፈቻ ይከፈታል።

ሲበላሽ

በቡሹ ዳር የሚፉጭ ድምፅ ከተሰማ ቡሹ ደርቋል። ይህ እዚህ የተለመደ ነው፦ ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ደረቅ ወቅት ጠርሙሱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ሲከርም ቡሹ ይኮማተርና ጋዙን ማገት ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ቡሽ በመርፌም ይፈረፈራል፤ ወይኑን በንጹሕ ማጥለያ መቅዳት ይሻላል። ቤት የሚቀመጥ ጠርሙስ በጎኑ ቢተኛ፣ ቦታውም ጨለማና ቀዝቃዛ ቢሆን ችግሩ አይመጣም።

ድምፅም እንቅስቃሴም ከሌለ መርፌው ቡሹ ውስጥ ቀርቷል ወይም ቀዳዳው በቡሽ ፍርፋሪ ተደፍኗል። በቀጭን ሽቦ ጠርጎ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ በቂ ነው። ወይኑ ውስጥ አረፋ ከታየ የመርፌው ጫፍ ወይኑን ነክቷል፤ ቡሹ ሲወጣ ወይኑ ሊረጭ ስለሚችል መርፌው ትንሽ ከፍ ይደረጋል። የፕላስቲክ ቡሽ መርፌ ያጎብጣል፤ የጎበጠ መርፌ ይቀየራል እንጂ አይቃናም።

በሰርግ ቤት ብዙ ጠርሙስ በተከታታይ ሲከፈት ጣሳው ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ የራሱን ሙቀት ይወስዳልና። ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ እንጂ እሳት ዳር ማስጠጋት መፍትሔ አይደለም።

ሙቀት፣ ከፍታ፣ ጣሳ

የጣና ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ከፍታው የጣሳውን ግፊት አይለውጠውም፤ በባሕር ጠረፍ አካባቢ የታሸገ ወይን ግን እዚህ ሲደርስ ከውስጥ 0.2 ባር ያህል ትርፍ ሊኖረው ይችላል። ቡሹ ላይ ሲታሰብ ግማሽ ኪሎ ነው፤ አያሳስብም።

ሙቀቱ ግን ያሳስባል። አር 134ኤ በ10 ዲግሪ 4.1 ባር፣ በ30 ዲግሪ 7.7 ባር፣ በ50 ዲግሪ ደግሞ 13 ባር ይደርሳል። ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ላይ መክፈቻው የሚሰንፈው፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር የሚበረታው ለዚህ ነው። ጣሳው በቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ ከምድጃም ይርቃል።

መለዋወጫ ጣሳ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መገዛት አለበት፤ ያለ እሱ መክፈቻው ብዙም ሳይቆይ ሥራ ይፈታል። የጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ስለማይገባ ከአዲስ አበባ ለሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ወይም በመኪና ማስላክ ይበጃል። ከቡታጋዝ ሲሊንደር ለመሙላት መሞከር እሳት መጥራት ነው፤ ቡታጋዝ ይቀጣጠላል፣ ወይኑንም ያበላሻል። ያለቀ ጣሳ አይበሳም፣ ጊቢ ውስጥ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋርም አይጨመርም፤ የቀረችው ጥቂት ጋዝ በእሳት ስትሞቅ ጣሳውን ታፈነዳዋለች። ደጅ ነፋስ ባለበት ድምፁ እስኪጠፋ ተለቅቆ ከሌላው ብረታ ብረት ጋር ለቆራሌው ይሰጣል።