ነጠብጣቡ ጠፋ፣ ዓሣው ሞተ፦ ስለ መድኃኒትና አሞኒያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለ 60 ሊትር አኳሪየም ውስጥ አራት ጎልድፊሽ ነበሩኝ። ነጭ ነጠብጣብ ያዛቸው፤ ገላቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስል ነበር። ሜቲሊን ብሉ ገዝቼ ጨመርኩ። በአምስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ጠፋ። በስድስተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ።

«መድኃኒቱ አልሠራም» ብዬ ሳማርር ከረምኩ። ሠርቶ ነበር። ዓሣዎቹን የጨረሳቸው ውሃው ነው። ጓደኛዬ መመርመሪያውን ይዞ መጥቶ ሲለካ አሞኒያው፣ ማለትም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣው መርዝ፣ 4 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ ተገኘ። መሆን የነበረበት ዜሮ ነው። ከታች በጥቅስ ያሉትን የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹን እኔም አምኜባቸው ነበር።

«መድኃኒቱ በሽታውን እንጂ ሌላ ነገር አይነካም»

ዓሣ አሞኒያን በብዛት የሚያስወጣው በስንጥቡ ነው፤ ማለትም በሚተነፍስበት በኩል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ይህን የሚጨርሱልን ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ቡድን አሞኒያን ናይትራይት ያደርገዋል፤ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል።

እነዚህን ባክቴሪያዎች እንደ እርሾ ቁጠሯቸው። እርሾ የሌለው ሊጥ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ እነሱ የሌሉበት ፊልተርም ውሃ ከማዞር አያልፍም። አዲስ አኳሪየም ላይ እርሾው እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሜቲሊን ብሉ ይህን እርሾ ይገድለዋል። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚያጠቁ አንቲባዮቲኮችም ሊጎዱት ይችላሉ። ሁሉም መድኃኒት ግን እኩል አይደለም፤ ማላካይት ግሪንና ፎርማሊን በታዘዘው መጠን ከተጨመሩ ያን ያህል አይጎዱትም። የሜቲሊን ብሉ ቦታ ለብቻው የተዘጋጀ የሕክምና ገንዳ እንጂ ዋናው አኳሪየም አይደለም። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለት ዓሣ ከቀበርኩ በኋላ ነው።

«ውሃው ጥርት ካለ ደህና ነው»

አሞኒያ ቀለም የለውም። ዓሣን በሚገድል መጠን ኖሮ እንኳ አፍንጫችሁ ላያገኘው ይችላል። መለካት ብቻ ነው መፍትሔው።

መለካቱም በመድኃኒት ጊዜ የራሱ ጣጣ አለው። በጠብታ የሚሠራው የተለመደው መመርመሪያ አሞኒያ ከሌለ ቢጫ ይሆናል፤ ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ውሃው በሜቲሊን ብሉ ሰማያዊ ከሆነስ? ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቅ አረንጓዴ ነው! ጓደኛዬ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፦ በሁለተኛ ብልቃጥ ጠብታ ያልገባበት የአኳሪየሙን ውሃ ሞልቶ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው። ከቀለሙ ምን ያህሉ የመድኃኒቱ እንደሆነ ያኔ ይታያል። የእኔው ግን ጥርጣሬ ውስጥ የሚከት አልነበረም፤ ድፍን አረንጓዴ ነበር።

«1 ሚሊግራም የትም ቦታ 1 ሚሊግራም ነው»

አይደለም። መመርመሪያው የሚያሳየው ድምሩን ነው። ዋናው መርዝ ከድምሩ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ የዚያን መጠን የሚወስነው ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት ልኬት) እና ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ መርዘኛው ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5 ያህል ይደርሳል። 9 ላይ ሲሶው መርዝ ነው። ስለዚህ ፒኤች ሳይለኩ አሞኒያ መለካት ግማሽ ሥራ ነው።

«መድኃኒት ካለበት ውሃ አይቀየርም»

ብዙ ዓሣ የሚያልቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው መድኃኒቱ እንዳይባክን ይሳሳል፤ አሞኒያው ግን በየቀኑ ይከመራል። ውሃ መቀየር ይቻላል፤ ያወጣችሁትን ያህል መድኃኒት መተካት ብቻ ነው። 60 ሊትር ካላችሁ 20 ሊትር ቅዱ፣ 20 ሊትር መልሱ፣ መድኃኒቱን ለ20 ሊትር ብቻ ለኩ። ለ60 መልሶ መጨመር መጠኑን ያስበልጠዋል።

የምትጨምሩት ውሃ ሙቀቱና ፒኤቹ ከአኳሪየሙ ጋር ይቀራረብ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን በክሎሪን ማጥፊያ ማስወገድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት በርሜሉን ሙሉ። ሕክምናው መሃል ላይ ውሃ ከጠፋ የምትይዙት የምትጨብጡት አይኖርም።

«መድኃኒት ሲገባ ፊልተሩ ይጥፋ»

መውጣት ያለበት ፊልተሩ ውስጥ ያለው ካርቦን (ከሰሉ) ነው፤ መድኃኒቱን ይመጥጠዋልና። ስፖንጁ ይቆይ፣ ሞተሩም ይሥራ። ኦክስጅን የያዘ ውሃ ካላለፈባቸው ባክቴሪያዎቹ በሰዓታት ውስጥ መታፈን ይጀምራሉ። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋም ያው ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ደግሞ የእርሾውን ዕቃ በበረኪና እንደማጠብ ነው። ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

«አሞኒያ የሚያስር ፈሳሽ ጨምሬያለሁ፣ ተገላገልኩ»

የሚገዛው ፈሳሽ አሞኒያውን ለጊዜው ያስረዋል እንጂ ከውሃው አያወጣውም። ብዙውን ጊዜ የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። መመርመሪያችሁ የታሰረውንም ሊቆጥረው ስለሚችል ቁጥሩ አልወርድ ካለ አትደንግጡ፤ ግን ውሃ መቀየሩንም አትተዉ።

«ጨው አሞኒያን ያከሽፋል»

ጨው የሚረዳው ለናይትራይት ነው። ናይትራይት ዓሣው ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ይነጥቀዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል። የጨው ክሎራይድ ስንጥቡ ላይ ቦታውን ይሻማዋል። ለ60 ሊትር 10 ግራም ያህል ብዙ ይረዳል። አሞኒያን ግን ንክች አያደርገውም። ይባስ ብሎ፣ አሞኒያ እንዲመጥ ፊልተር ውስጥ ዚዮላይት ድንጋይ ካደረጋችሁ ጨው ሲገባ የያዘውን መልሶ ይለቀዋል።

«ሂተሩን 30 አድርገው፣ ነጠብጣቡ ቶሎ ይለቃል»

ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው ጥገኛ ተባይ በሙቀት ዑደቱን ያፋጥናል፤ መድኃኒት የሚያገኘውም ከዓሣው ወርዶ ሲዋኝ ብቻ ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ግን ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ወለል 30 ዲግሪ ውሃ 7.6 ሚሊግራም በሊትር ቢይዝ፣ እዚህ 5.7 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጠለው ዓሣ፣ በዚያ ላይ ኦክስጅን የሚቀንሰው ፎርማሊን። ሙቀቱን ከጨመራችሁ የአየር ፓምፕም ጨምሩ። ጎልድፊሽ እንደሆነ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚስማማው።

«የታመመ ዓሣ በደንብ ይብላ»

የበላው ሁሉ ተመልሶ አሞኒያ ነው። ጤነኛ ጎልድፊሽ ሁለት ሦስት ቀን ጾሞ ምንም አይሆንም።

«ነጠብጣቡ ከጠፋ አለቀ»

የገላው ነጠብጣብ ሲጠፋ ተባዩ ገንዳው ወለል ላይ እየተራባ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ዑደቱ ሳምንታት ይወስዳል። መድኃኒቱን በታዘዘው ልክ ጨርሱ። ከዚያ ካርቦኑን መልሱና ቀሪውን መድኃኒት ይምጠጥ። አሞኒያና ናይትራይት መለካት ግን ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ይቀጥላል፤ እርሾው ቶሎ አይመለስም። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከስፖንጁ ቁራጭ ለምኑት። እኔም ከዚያው ጓደኛዬ የመዳፍ ያህል አገኘሁ። ጠቆር ብሎ የሚያሙለጨልጭ፣ ላየው የሚያስጠላ ነገር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብልቃጡ ቢጫ ሆነ።