የቤት ውስጥ ሞዴል ሞተርና ሰዓት ሥራ፦ መሣሪያው፣ አሠራሩና የዕውቀት ምንጮቹ

ሞዴል ኢንጂነሪንግ የሚባለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ከመሥራት የተለየ ነው። ከሰል እየነደደበት ሰው የሚጎትት ትንሽ ባቡር፣ በእውነት የሚነሣ ጥቃቅን የቤንዚን ሞተር፣ ሳምንት ሙሉ ሳይቆም የሚሄድ የግድግዳ ሰዓት፣ እነዚህ ሁሉ ከጥሬ ብረትና ከነሐስ ተነሥተው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ያልቃሉ። ሥራው በብዙ አገር ይሠራል፤ ማኅበር፣ መጽሔትና የራሱ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ኖሮት የተደራጀው ግን በተለይ በእንግሊዝ ስለሆነ ይህ ዳሰሳ እዚያ ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥር 1898 ፐርሲቫል ማርሻል «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለውን መጽሔት ለንደን ላይ ማሳተም ጀመረ። በዚያው ዓመት የሞዴል መሐንዲሶች ማኅበር እዚያው ተቋቋመ፤ በ1907 ደግሞ የመጽሔቱ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። መጽሔቱ ያመጣው ትልቁ ለውጥ የአጻጻፍ ስልቱ ነው። ፋብሪካ ለሠራተኛው ሥዕል ይሰጠዋል እንጂ ብረቱን እንዴት እንደሚይዘው አይነግረውም፤ ባለሙያ ነውና ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። መጽሔቱ ግን በየእትሙ አንድ ክፍል እየወሰደ ቁሱ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ጎን መጀመር እንዳለበት፣ በቶርኖው መንጋጋ እንዴት እንደሚነከስና ትልቅ ማሽን የሌለው ሰው በምን እንደሚተካው በዝርዝር ያስረዳ ነበር። ፋብሪካ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን እየተከተለ ሙሉ ማሽን መሥራት ቻለ።

በዚህ ስልት የሚደርስበት አልነበረም የሚባለው «ኤል ቢ ኤስ ሲ» በሚል የብዕር ስም የጻፈው ከርሊ ላውረንስ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እስከ 1967 ሞቱ ድረስ በነበሩት ዓመታት በርካታ የባቡር ንድፎችን ከነአሠራራቸው አሳትሟል። የሐዲዱ ስፋት ሁለት ኢንች ተኩል ብቻ የሆነ በከሰል የሚነድ ባቡር ጎልማሳ ሰው መጎተት እንደሚችል ብዙዎች አያምኑም ነበር፤ እሱ ሠርቶ አሳያቸው። «ቲች» ብሎ የሰየማትን ትንሽ ባቡር ዛሬም ጀማሪዎች ይሠሯታል።

ያለ ቶርኖ ሥራው አይጀመርም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ የቤት ሠራተኛ የሚመኘው ኖቲንግሃም አጠገብ ቢስተን ውስጥ የሚመረተውን ማይፎርድ ነበር። ኤምኤል7 የተባለው ዓይነቱ በ1946 ገበያ ላይ ዋለ። ከመሽከርከሪያው መሀል እስከ አልጋው 89 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱም ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ሥራ ይይዛል። ፋብሪካው በ2011 ቢዘጋም ቶርኖዎቹ አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገሩ ይሠራሉ። የኦስትሪያው ዩኒማት ከዚህ በጣም ያነሰ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ለሰዓት ሥራ ሲበቃ ለባቡር ጎማ ያንሳል። ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚልግ ማሽን) ያልነበረው ሰው በቶርኖው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ተንሸራታች አስሮ፣ መቁረጫውን መንጋጋው ላይ አድርጎ ይፈርዝበት ነበር። ብዙ የሚያኮሩ ሥራዎች በዚህ ዓይነት ብልሃት ስለተሠሩ፣ ማሽን እስኪሟላ ሥራ ማዘግየት የለበትም ባይ ነኝ።

ከቶርኖ ሥራ ጀማሪው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ ማዕከል መዞር ያለባቸው ፊቶች ሁሉ ብረቱ ከመንጋጋው ሳይፈታ ማለቅ አለባቸው። ባለ ሦስት መንጋጋው ሥራ ያፋጥናል፤ ነገር ግን ተፈትቶ እንደገና ሲታሰር ማዕከሉ በጥቂቱ ይዛነፋል። በግድ መፈታት ካለበት ባለ አራት መንጋጋው ላይ አስሮ፣ ባለ መርፌ መለኪያ አስነክቶ፣ መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም መንጋጋዎቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ነው። ከዚህ ሌላ የመቶኛ ሚሊሜትር ማይክሮሜትር፣ ካሊፐር፣ ጠንካራ ሞርሳ፣ ትራፓኖና ጥሩ የሞረድ ስብስብ ያስፈልጋል። ከነዚህ ገንዘብ የማይቆጠብበት ሞረድ ነው። ነሐስ የሚሞረድበት ሞረድ ለብቻው ይቀመጣል፤ ብረት ላይ አንዴ ከደነዘዘ ነሐሱ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራል።

ለሞተር ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚመከረው ስቱዋርት 10 የሚባለው ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምትም ሦስት አራተኛ ኢንች ወይም 19 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሻጋታ የፈሰሱት ክፍሎቹ ተሟልተው ይሸጣሉ። ይህን በተጨመቀ አየር ማሠራት ስለሚቻል ቦይለር የግድ አይደለም። ቦይለር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የትናንሽ ባቡሮች ቦይለር በተለምዶ ከመዳብ ተሠርቶ በብር ብየዳ ይያያዛል። የብር ብየዳው የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛው የሚጠቀምበት የቆርቆሮ ብየዳ በ200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ግፊት የሚይዝ ቦይለር ላይ አይገባም። በእንግሊዝ ማኅበራት አዲስ ቦይለር እሳት ሳይነካው በቀዝቃዛ ውኃ ይሞላና የሥራ ግፊቱን ሁለት እጥፍ እንዲቋቋም ይፈተናል። ውኃ የተመረጠበት ምክንያት ሲጨመቅ መጠኑ ብዙም ስለማይቀንስ ነው፤ ቦይለሩ ቢቀደድ ጠብ ብሎ ያቆማል። በአየር ወይም በእንፋሎት ቢሆን ይፈነዳል፤ ስለዚህ ይህን ፈተና መዝለል በምንም ሁኔታ የሚፈቀድ አይደለም።

ሰዓት ሥራ ከዚህ ሁሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ስሌቱ ግን ይበልጣል። የተለመደ ባለ ፔንዱለም ረጅም ሰዓት እንውሰድ። የደቂቃውን ዘንግ የያዘው መዘውር 64 ጥርስ፣ ተከታዩ 60 ጥርስ አላቸው፤ እነዚህ መዘውሮች የሚነዷቸው ፒኒየኖች (ትናንሽ ማርሾች) 8፣ 8 ጥርስ ናቸው። 64 ለ8 ሲካፈል 8፣ 60 ለ8 ሲካፈል 7.5፣ ሁለቱ ሲባዙ 60 ይሆናል። ስለዚህ የደቂቃው ዘንግ በሰዓት አንዴ ሲዞር የመጨረሻው፣ ፔንዱለሙ ጥርስ በጥርስ የሚለቀው ባለ 30 ጥርስ መልቀቂያ መዘውር 60 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ምት ስለሚሰጥ በደቂቃ 60 ምት ይገኛል፤ የሰከንድ መርፌም በዚሁ ዘንግ ላይ ይተከላል።

ጥርሱን መቁረጥ ጀማሪን የሚያስፈራው ክፍል ነው። መጠኑ 0.8 ሞጁል (የማርሽ ጥርስ መጠን መለኪያ) ቢሆን ለተለመደ የማሽን ማርሽ የነሐሱ ክብ ስፋት 64 እና 2 ተደምሮ በ0.8 ይባዛል፤ 52.8 ሚሊሜትር ይመጣል። የሰዓት ጥርስ ግን በ2 ፈንታ 2.76 ይደመርለታል፤ ስፋቱም ወደ 53.4 ይደርሳል። ልዩነቱ ከቅርጹ የመጣ ነው። በሰዓት ውስጥ ትልቁ ትንሹን እየገፋ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፒኒየኑም ብዙ ጊዜ 8 ጥርስ ብቻ ነው። የፋብሪካው ባለ 20 ዲግሪ ማርሽ ከ17 ጥርስ በታች ሲወርድ ሥሩ እየተበላ ይደክማል፤ ሰዓት ሠሪዎች ሳይክሎይድ የሚባለውን ቅርጽ የያዙት ለዚህ ነው። በማሽን መማሪያ ቀመር የተቆረጠ መዘውር ስለዚህ ሰዓት ውስጥ አይስማማም።

አከፋፈሉ ሌላው ጣጣ ነው። እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር መዘውሩን አንድ ሙሉ ዙር በሚያዞር መከፋፈያ ለ64 ጥርስ እጀታው በየጥርሱ አምስት ስምንተኛ ዙር ይሄዳል፤ ባለ 24 ቀዳዳ ሰሌዳ ላይ ያ 15 ክፍተት ነው። መከፋፈያ የሌለው ሰው የቶርኖውን ባለ 60 ጥርስ ማርሽ ከዘንጉ ጀርባ አስሮ በሾለ ማቆሚያ ሊቆጥርበት ይችላል፤ ለባለ 60 እና ለባለ 30 መዘውሮች በቀጥታ ይሆናል። መቁረጫው ራሱ በቤት ይሠራል። ቁራጭ አረብ ብረት በሁለቱ ጥርሶች መካከል ባለው ክፍተት ቅርጽ ይሞረድና ደማቅ ቀይ እስኪሆን ግሎ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ገለባ ቢጫ እስኪሆን ቀስ ብሎ ይሞቃል። ፒኒየኖቹ ደግሞ እስከ ሰማያዊ ይዘልቃሉ፤ ያኔ ጥንካሬያቸውን ሳያጡ አይሰበሩም።

ሁለቱ የሰዓቱ ሳህኖች አንድ ላይ ተቸንክረው አብረው ይበሳሉ፤ አለዚያ ዘንጎቹ ጎብጠው ይቆማሉ። በምሳሌያችን 64 እና 8 ተደምሮ በ0.8 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የቀዳዳዎቹ ርቀት 28.8 ሚሊሜትር ነው። ጥሩ ሠሪ ግን ሂሳቡን ብቻ አምኖ አይበሳም፤ መዘውሩንና ፒኒየኑን ጥልቀት መለኪያ በሚባለው መሣሪያ ላይ አጋጥሞ በጣቱ ያዞራል፣ ያለ መንገጫገጭ ሲሄዱለት ያንኑ ርቀት በሾለው ጫፍ ሳህኑ ላይ ያሳርፋል። የተጠቀለለ ሞላ ያለበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሞላውን በእጅ ማውጣት ጣት ስለሚያሳጣ መጠቅለያ መሣሪያ የግድ ነው።

በሰከንድ አንድ ምት የሚመታ ፔንዱለም ለንደን ላይ ርዝመቱ 994 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ቢያጥር ሰዓቱ በቀን 43 ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። ዘንጉ ብረት ከሆነ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር በቀን ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። የስዊሱ ሳይንቲስት ሻርል ኤዱዋር ጊዮም በ1896 ኢንቫር የተባለውን የኒኬልና የብረት ቅልቅል ሲያገኝ ይህ ችግር በጣም ቀለለ፤ በ1920 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

ለአዲስ አበባ አንባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብና ከፍ ያለች ስለሆነች የመሬት ስበቷ ከለንደን ያንሳል። ለንደን ላይ በትክክል የተስተካከለ ሰዓት አዲስ አበባ ሲሰቀል በቀን ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ይዘገያል፤ የሰከንዱ ፔንዱለም እዚህ 990 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ በ1672 ከፓሪስ በደቡብ አሜሪካ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን ሰዓት ይዞ ሄዶ ተመሳሳይ መዘግየት አይቷል፤ ምድር ፍጹም ክብ አለመሆኗን ለመረዳት ያገዘ ምልከታ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ንድፍ ወስዶ እዚህ የሚሠራ ሰው ከፔንዱለሙ ሥር ያለውን ማስተካከያ ብሎን ወደ ላይ የሚወስድበት በቂ ጥርስ አስቀድሞ ያውጣለት።

ስለ ምንጮች፣ ለማሽን ሥራ በ1914 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው የአሜሪካው «ማሽነሪስ ሃንድቡክ» ስለ ብሎን፣ ስለ ብረትና ስለ መቁረጫ ፍጥነት ለሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ይደርሳል፤ አሮጌ እትሙ በርካሽ ስለሚገኝ ለቤት ሠራተኛ ይበቃዋል። ለሰዓት ጥርስ ቅርጽ የእንግሊዝ ደረጃ 978 ሁለተኛ ክፍል አለ። ለጥገና የዶናልድ ደ ካርል መጻሕፍት በሥዕል የበለጸጉ ናቸው። ጆርጅ ዳንኤልስ በ1981 ያሳተመው «ዎችሜኪንግ» አንድ ሰው የእጅና የኪስ ሰዓት ከነሁሉ ክፍሉ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል፤ ለጀማሪ ግን ከባድ ነው። የእንግሊዝ የሰዓት ሥራ ተቋም በ1858 ተመሥርቶ በዚያው ዓመት የጀመረውን መጽሔት ዛሬም ያወጣል። በአሜሪካ በ1943 የተቋቋመው ብሔራዊ የሰዓት ሰብሳቢዎች ማኅበር ፔንሲልቬንያ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት አለው።

የድሮ ንድፎች በኢንች ናቸው፤ እያንዳንዱን ቁጥር በ25.4 አባዝቶ ወደ ሚሊሜትር መለወጥ ይቻላል። የሚያስቸግሩት ብሎኖቹ ናቸው። ቢ ኤ የተባለው የእንግሊዝ ጥቃቅን ብሎን መነሻው የስዊስ በሚሊሜትር የተሰላ ጥርስ ነው፤ ዜሮ ቢ ኤ ስፋቱ ልክ 6 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊሜትር ነው። የጥርሱ አንግል ግን 47 ዲግሪ ተኩል ስለሆነ ባለ 60 ዲግሪው የሜትሪክ ዳዶ በትክክል አይገጥምበትም። መርካቶ የሚገኘው ሜትሪክ ስለሆነ የሚሻለው ንድፉን ገና ከመነሻው በባለ 2.5 እና በባለ 3 ሚሊሜትር ብሎን መቀየርና የፑንታውን መጠን ለዚያ መምረጥ ነው፤ ለባለ 3 ሚሊሜትሩ 2.5 ፑንታ፣ ለባለ 2.5 ደግሞ 2.05።